የኮቪድ አንቲቦዲ ምርመራ፦ የትኛው ለማን ይሻላል?

«ፋይዘር ተከትቤ ነበር። ከዓመት በኋላ ደግሞ ክፉኛ አሞኝ ነበር፤ ያኔ አልተመረመርኩም። ኮቪድ እንደነበር አሁን በደም ማወቅ እችላለሁ? የትኛውን ምርመራ ልሥራ?» ብላ እህታችን ጠይቃለች። ደም ስቀዳና ሴረም ስለይ የምውል የላቦራቶሪ ባለሙያ ስለሆንኩ፣ ጥቆማዬን ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በመጀመሪያ፣ አሁን ትኩሳትና ሳል ላይ ያለ ሰው የአንቲቦዲ ምርመራ አይጠቅመውም። ከአፍንጫው ናሙና ተወስዶ ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልግ) ወይም አንቲጂን (የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልግ) ምርመራ ይሠራለት። ሰውነት አንቲቦዲ፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካል፣ እስኪያመርት ጊዜ ይወስድበታል። ሕመሙ በጀመረ በሳምንቱ የተቀዳ ደም ኔጌቲቭ ቢል የነገረን ነገር የለም፤ ሦስት ሳምንት መታገሥ ይገባል።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። በ2020 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የታወቁትን የላቦራቶሪ ምርመራዎች በአንድ ላይ ፈትነዋቸው ነበር። በፒሲአር የተረጋገጠላቸው፣ ምልክት ካዩም ቢያንስ 20 ቀን ያለፋቸው ሰዎች 536 ናሙናዎች እና ከወረርሽኙ በፊት የተቀዱ 976 ናሙናዎች ቀረቡ። ታመው ከነበሩት ውስጥ (ስሞቹ የአምራች ኩባንያዎቹ ናቸው) የሲመንስ ምርመራ 98.1 በመቶውን፣ የሮሽ 97.2 በመቶውን፣ የአቦት 92.7 በመቶውን ያዙ። ያልታመሙትን በትክክል ነጻ በማለት ሦስቱም ከ99.8 በመቶ አላነሱም። ይህን ያየ ሰው ሲመንስን ይመርጣል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያው ነበርኩ።

ነገር ግን ምርመራዎቹ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት አንቲቦዲ አይደለም። የሲመንሱ የሚይዘው በስፓይክ ላይ የሚነሣውን ነው፤ ስፓይክ ማለት በቫይረሱ ገጽ ላይ እንደ እሾህ የቆመው ፕሮቲን ነው። የሮሽ የመጀመሪያው ምርመራ እና የአቦቱ አይጂጂ (አይጂጂ አንዱ የአንቲቦዲ ዓይነት ነው) ግን የሚፈልጉት በኑክሊዮካፕሲድ ላይ የሚነሣውን ነው፤ ኑክሊዮካፕሲድ ማለት ከውስጥ አርኤንኤውን፣ የቫይረሱን ዘረ መል፣ የጠቀለለው ፕሮቲን ነው። የፋይዘር፣ የሞደርና፣ የአስትራዜኔካ እና የጆንሰን ክትባቶች ለሰውነት የሚያሳዩት ስፓይክን ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱን የወሰደ ሰው ስፓይኩ ፖዘቲቭ ቢወጣ፣ ከክትባቱ ይሁን ከሕመሙ ማንም ሊለይለት አይችልም። ኑክሊዮካፕሲዱ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ቫይረሱ ራሱ ገብቶ ነበር። ሲኖፋርም ወይም ሲኖቫክ የተከተባችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ እነዚህ ከሙሉ የሞተ ቫይረስ የተሠሩ ስለሆኑ ሁለቱንም አንቲቦዲ ሊያስነሡ ይችላሉ።

ከሁለቱ የኑክሊዮካፕሲድ ምርመራዎች ሮሽን አስቀድማለሁ። ምክንያቴ ጊዜ ነው። የአቦቱ አይጂጂን ብቻ ስለሚለካ፣ ወራት ባለፉ ቁጥር የብዙ ሰው ውጤት ከመቁረጫው፣ ማለትም ፖዘቲቭን ከኔጌቲቭ ከሚለየው ቁጥር፣ ከ1.4 በታች ይወርዳል። የሮሹ ሁሉንም ዓይነት አንቲቦዲ ከሁለት ወገን በአንቲጂን (በቫይረሱ ፕሮቲን) የሚይዝ ስለሆነ እና አንቲቦዲው እየበሰለ ሲሄድ ይበልጥ አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ልዩነት አይደለም። በፒሲአር የተረጋገጠላት፣ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ክፍል ዘግታ የቆየች የሥራ ባልደረባዬ ከወራት በኋላ የአንቲቦዲ ምርመራ አሠርታ «ኔጌቲቭ» የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። «ታዲያ ያ ሁሉ ውሸት ነበር?» ስትል ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወረቀቱ ላይ ቃሉ እንጂ ቁጥሩ አልሰፈረም። ደውለን ስንጠይቅ ቁጥሩ ከመቁረጫው በጥቂት ነጥብ ብቻ ያነሰ ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት «አልታመምሽም» ተብሎ መነበብ የለበትም። ስለዚህ እባካችሁ ቁጥሩን፣ መቁረጫውን እና የምርመራውን ስም በጽሑፍ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

በቤት የሚሠራውን ፈጣን የአንቲቦዲ ምርመራ (ካሴት) አልመክርም። ጣት ተወግቶ የሚወጣው ጠብታ መጠኑ ይለያያል፤ ያቺ የደበዘዘች መስመር ደግሞ ለአንዱ ዓይን አለች፣ ለሌላው የለችም። ምርመራው 99 በመቶ ትክክል ነው የሚል ጽሑፍም አያታልላችሁ። ከ10,000 ሰው 100ው ብቻ ታሞ በነበረበት ቦታ፣ ካልታመሙት 9,900 ውስጥ አንድ በመቶው በስሕተት ፖዘቲቭ ቢወጣ 99 ሰው ነው። ፖዘቲቭ ከተባሉት ግማሽ ያህሉ ስሕተት ነው ማለት ነው።

«ክትባቱ ሠርቶልኝ እንደሆነ» ለማወቅ የስፓይክን መጠን የምታስለኩም አላችሁ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በግንቦት 2021 የአንቲቦዲ ምርመራ ከክትባት በኋላ መከላከያን ለመገመት እንዳይውል አሳስቧል። ግድ ካስለካችሁም በተለያየ ማሽን የወጡ ቁጥሮችን አታነጻጽሩ። በሮሽ የስፓይክ ምርመራ መቁረጫው 0.8 ነው፤ በአቦት 50 ነው። በአቦት 60 ያገኘ ሰው ቁጥሩ ወደ ዓለም አቀፉ መለኪያ ሲቀየር፣ በ0.142 ሲባዛ፣ 8.5 ገደማ ብቻ ነው። ለውጡን መከታተል የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ማሽን ያሠራ።

እህቴ፣ ለአንቺ የምመክርሽ እንግዲህ የሮሽን የኑክሊዮካፕሲድ ምርመራ ነው። የሮሽ ስፓይክ ምርመራ ስሙ ተመሳሳይ ሆኖ መጨረሻው ላይ «ኤስ» የሚል ፊደል ብቻ ይጨመርበታል፤ ስትከፍዪ ያ ፊደል በማዘዣው ላይ እንዳይኖር አረጋግጪ። ፖዘቲቭ ከወጣ ቫይረሱ አግኝቶሽ ነበር፤ ያኔ ያመመሽ እሱ ይሁን ወይም በሌላ ጊዜ ሳታውቂው አልፎ ይሁን ግን ደሙ ቀን አይናገርም።