የልብ ቅርጽ ማት፦ ኩርባው ይሰባበራል፣ ላይኛው ሹል አይለቅም

ፍሬም_ሥራ
ሰላም ለሁላችሁ። በኮምፒውተር መቁረጫ 1.5 ሚሊ ሜትር ማት (ፍሬም ውስጥ ፎቶውን የሚከበው ካርቶን) ላይ የልብ ቅርጽ መስኮት እየቆረጥኩ ነው፤ ሰያፉ (የመስኮቱ ጠርዝ ዝንባሌ) 45 ዲግሪ። አራት ማዕዘንና ክብ ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ልቡ ላይ ግን ኩርባው ትንንሽ ስብራት ያሳያል፤ ከላይ መሃል ላይ ወደ ውስጥ የገባው ሹል ደግሞ ከስሩ አይለቅም፣ ከመስኮቱ የሚወጣውን ቁራጭ ስገፋው የማቱ ወረቀት አብሮ ይላጣል። ምላጩ አዲስ ነው። ቅርጹን ከፎቶ ላይ ትሬስ አድርጌ (ፕሮግራሙ ጠርዙን ወደ መስመር ቀይሮልኝ) በዲኤክስኤፍ (የመስመር ስዕል ፋይል ዓይነት) ነው ያስገባሁት። ምን ላስተካክል?

ቬክተር
ስብራቱ የፋይሉ ነው። ትሬስ የፎቶውን ሻካራ ጠርዝ ስለሚከተል መስመሩ ላይ ነጥብ ያበዛል፤ መቁረጫው ደግሞ አንዳንዱን ነጥብ እንደ ጥግ ቆጥሮ ምላጩን ያዞራል። ትሬሱን ከስር አድርገህ ልቡን በላዩ እንደ አዲስ ሳለው። 6 ነጥብ ይበቃዋል፦ ሁለቱ ሹሎች ላይ አንድ አንድ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት። አንዳንድ ፕሮግራም በዲኤክስኤፍ ሲያስቀምጥ ኩርባውን ወደ አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ስለሚከፋፍለው፣ ማሽንህ ኤስቪጂ (ሌላ የስዕል ፋይል ዓይነት) የሚቀበል ከሆነ እሱን ሞክር። ደራርቦ የተቀመጠ መስመር አለመኖሩንም እይ፤ ምላጩ በአንድ መስመር ሁለቴ ከሄደ ጠርዙ ይፈረፈራል።

ሰያፍ45
ሹሉን ምላጭ መቀየር አይፈታውም። በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ የማቱ የጀርባ ጠርዝ ከፊቱ ጠርዝ 1.5 ሚሊ ሜትር ወደ መስኮቱ ይገባል። ስለዚህ እዚያ ሹል ላይ ሁለቱ የጀርባ መስመሮች የሚገናኙት ፊት ላይ ከሚታየው ጫፍ አልፈው ነው። ምላጩ ፊት ላይ ያለው ጫፍ ጋ ሲቆም ከስር ያለው ገና አልተቆረጠም፤ አንተ ስትገፋው የሚላጠው ይሄ ነው። የማቱ ሹል 90 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ መስመር 1.5 ሚሊ ሜትር፣ 60 ዲግሪ ከሆነ 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል ማለፍ አለበት። ትርፉ የሚያርፈው በሚወድቀው ቁራጭ ላይ ስለሆነ ምንም አይታይም።

ታችኛው ጫፍ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ያለፈ መስመር ማቱ ፊት ላይ ጭረት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ላይ ያለውን የጥግ ማለፊያ (ምላጩ ጥጉን አልፎ የሚሄድበትን ልክ) ለሁሉም ጥግ እኩል አትጨምር፤ ላይኛው ሹል ጋ ብቻ ሁለቱን መስመሮች ስዕሉ ላይ አርዝማቸው። ፕሮግራሙ ያልተዘጋ መስመር አልቀበልም ካለ፣ ቁራጩን ሳትነካ ማቱን ገልብጠህ በዚያው ሰያፍ ከጀርባ በእጅ ምላጭ ጨርሰው።

ካርቶን
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ጥልቀቱንም ግን ፈትሽ። የምላጩ ጫፍ ከስር ያነጠፍከውን ካርቶን ጫር ብቻ ማድረግ አለበት። በጣም ከጠለቀ ኩርባ ላይ ምላጩ ይጎብጣል። ንጣፉን ደግሞ ቶሎ ቶሎ አንቀሳቅሰው ወይም ቀይረው፤ የምላጩ ጫፍ አሮጌ ጭረት ውስጥ ከገባ ከመስመሩ ይወጣል።

ቀጭን ጫፍ ያለው ቅርጽ (ቅጠል፣ ኮከብ) ካሰብክ፣ ጫፉ ላይ የሚታየው ነጭ ሰያፍ እንደሚረዝም አስብበት። 60 ዲግሪ ጫፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር፣ 30 ዲግሪ ላይ 5.8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ እዚያ ውስጥ ፎቶው አይታይም።

ፍሬም_ሥራ
በጣም አመሰግናለሁ፣ ገብቶኛል። አንድ ልጨምር፦ ከስር ሌላ ቀለም ማት ላደርግ ነው። ያንኑ ልብ ወደ 95 በመቶ ባሳንሰው ይሆናል?

ቬክተር
አይሆንም። በመቶኛ ስታሳንሰው የሚታየው የቀለም ስፋት ላይኛው ሹል ጋ ይጠባል፣ ታች ጫፉ ጋ ይሰፋል። ኦፍሴት (ከመስመሩ ዙሪያውን በእኩል ርቀት የሚሰራ መስመር) ተጠቀም፤ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ፣ የጥግ አማራጩ ሹል የሚለው ይሁን። ክብ የሚለውን ከመረጥክ ላይኛው ሹል ይደንዝና ሁለቱ ማቶች አይመሳሰሉም።