997 «ተቀብያለሁ» እያለ ከክፍያ ላይ የሚቆረጠው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ቅመም አቅራቢ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ እያሸግን ለአንድ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ሰንሰለት እናቀርባለን። ገዢው ትዕዛዙን በኢዲአይ (የንግድ ሰነዶችን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር መለዋወጫ ሥርዓት)፣ 850 በተባለው ሰነድ ይልካል፤ እኛ ደግሞ 856 (የጭነት ማሳወቂያ) እና 810 (ኢንቮይስ) እንልካለን። ሰነዶቹን የምንሞላው በብራውዘር በሚከፈት ፖርታል ነው። ለሁለቱም 997 (ሰነዱን የመቀበል ማረጋገጫ) ይመጣልናል፤ ውጤቱም «ኤ»፣ ማለትም ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ነው። ሆኖም ክፍያው ተቀንሶ ይገባል። የሚሰጡን ምክንያቶች «ጭነቱ ከማሳወቂያው ጋር አልገጠመም» እና «የኢንቮይስ ልዩነት» ናቸው። 997 ካለፈ ሌላ ምን የሚመረመር ነገር አለ? ፖርታሉን ትተን በኤኤስ2 (ሰነዶችን በኢንተርኔት ከሰርቨር ወደ ሰርቨር መላኪያ ዘዴ) በቀጥታ ብንገናኝስ ይሻለናል?

መልስ፦ መጋዘንና ጭነት

997 የሚናገረው ስለ ሰነዱ አጻጻፍ ብቻ ነው። የግድ መሞላት ያለባቸው ቦታዎች ተሞልተዋል ወይ፣ ርዝመታቸው ልክ ነው ወይ፣ በኤስኢ (የሰነዱ መዝጊያ) መስመር ላይ የተጻፈው የመስመር ብዛት ከእውነተኛው ጋር ይገጥማል ወይ፣ የመቆጣጠሪያ ቁጥሮቹ አንድ ናቸው ወይ፤ ይህን የሚያየው የገዢው ተርጓሚ ሶፍትዌር ነው። የግዢ ክፍሉ ሲስተም ሰነዱን ገና ሳያየው 997 ተመልሶ ይላካል። የይዘት ስህተትን የሚያሳውቀው ሌላ ሰነድ፣ 824 ነው፤ እሱን የማይልኩ ገዢዎች ግን ብዙ ናቸው። በዚያ ጊዜ ስህተቱን የምታውቁት ከክፍያው ላይ ሲቆረጥ ነው።

አሁን ወደ 856 እንምጣ። ሰነዱ በደረጃ የተደራጀ ነው፦ ጭነት፣ በሥሩ ትዕዛዝ፣ በሥሩ ፓሌት፣ በሥሩ ካርቶን፣ ከዚያ ዕቃ። አንዳንድ ገዢ የፓሌቱን ደረጃ አይፈልግም፤ መመሪያቸውን እዩ። በእያንዳንዱ ካርቶን ወይም ፓሌት ላይ የሚለጠፈው የጂኤስ1-128 (የባርኮድ ዓይነት ነው) ሌብል ባለ 18 አሃዝ ኤስኤስሲሲ፣ ማለትም የካርቶኑ ወይም የፓሌቱ መለያ ቁጥር ይይዛል፤ 856ቱም ያንኑ ቁጥር መያዝ አለበት። የገዢው መጋዘን ሌብሉን ስካን ሲያደርግ «በዚህ ቁጥር ሥር 24 ካርቶን በርበሬ አለ» የሚለውን የሚያነበው ከእናንተ 856 ነው።

በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። 856ቱ ከትዕዛዙ ተገልብጦ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ሠራተኛው ፓሌት ሲሞላበት ሁለት ካርቶን ወደ ሌላው ያዛውራል። ወይም ሌብል ይቀደድና እንደገና ሲታተም ፕሮግራሙ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 856ቱ ላይ የቀረው ግን አሮጌው ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ መጀመሪያ ዕቃው ይታሸግ፣ ሌብሉ ይለጠፍ፣ ስካን ይደረግ፤ 856ቱ ከስካኑ ይውጣ፤ የመኪናው በር ሲዘጋ ይላክ። መኪናው ከመድረሱ በፊት ካልገባ እንደዘገየ ይቆጠራል። የገዢው መጋዘን የአንድ ሰዓት መንገድ ብቻ ከሆነ «ማታ ቢሮ ገብቼ እልካለሁ» ማለት አያዋጣም።

ኤስኤስሲሲውን በእጅ የምትሞሉ ከሆነ የመጨረሻው አሃዝ ማረጋገጫ ነው። የፊተኞቹን 17 አሃዞች ከግራ ጀምራችሁ በ3 እና በ1 እያፈራረቃችሁ አባዙ፣ ደምሩ፣ ወደሚቀጥለው አሥር የሚያደርሰውን ጨምሩ። ድምሩ 143 ቢመጣ ማረጋገጫው 7 ነው። ደግሞም አንዴ የተላከ ቁጥር ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተመልሶ ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

መልስ፦ ሒሳብ ክፍል

የኢንቮይሱን ልዩነት በተመለከተ፣ መጀመሪያ የመለኪያውን አሃድ ተመልከቱ። በ850ው ፒኦ103 (የመለኪያ አሃዱ የሚጻፍበት ቦታ) ላይ «ሲኤ» ካለ ገዢው ያዘዘው በካርቶን ነው፤ «ኢኤ» ካለ በነጠላ። 40 ካርቶን በ30 ዶላር ታዞ እናንተ 480 ነጠላ በ2.50 ብትልኩ ድምሩ ያው 1,200 ዶላር ነው፤ የሚያመሳክረው ሲስተም ግን መስመር በመስመር ስለሚያይ አይቀበለውም። በትዕዛዙ ላይ የመጣውን አሃድና ዋጋ እንዳለ መልሱ። ዋጋው ከተስማማችሁበት የተለየ ከሆነ ዕቃው ሳይጫን በ855 (የትዕዛዝ ምላሽ) አሳውቁና የተስተካከለውን 860 (የገዢው የትዕዛዝ ማሻሻያ) ጠብቁ። በ810 ላይ ዋጋ ለማስተካከል መሞከር ቅጣት መጋበዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ኢንቮይሱ መከተል ያለበት የተላከውን እንጂ የታዘዘውን አይደለም። 40 ታዞ 38 ከጫናችሁ 810ሩም 38 ይበል። ድምሩ የሚጻፍበት ቲዲኤስ01 ነጥብ የለውም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ሳንቲም ናቸው። 1,140 ዶላር የሚጻፈው 114000 ተብሎ ነው። 1140 ብሎ የጻፈ የጠየቀው 11 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው።

ሌላው ኤክሴል ነው። የትዕዛዝ ቁጥሩ ወይም የዕቃው ባርኮድ ቁጥር በዜሮ ከጀመረ ኤክሴል ዜሮውን ይበላዋል። በ810ሩ ቢአይጂ04 (የትዕዛዝ ቁጥሩ ቦታ) ላይ 0045817 መሆን ያለበት 45817 ሆኖ ሲሄድ 997 ያልፋል፣ ኢንቮይሱ ግን ትዕዛዙን ማግኘት ያቅተዋል። ዓምዱን ዳታው ከመግባቱ በፊት «ጽሑፍ» አድርጉት።

መልስ፦ ኮድ ጸሐፊ

ስለ ኤኤስ2፦ በሳምንት ጥቂት ትዕዛዝ ብቻ ካላችሁ ከፖርታሉ አትውጡ። ኤኤስ2 ሌት ተቀን የማይጠፋ ሰርቨር፣ ቋሚ አድራሻና ሰርተፍኬት ይፈልጋል። ሰርተፍኬቱ ጊዜው ሲያልፍ ሁለቱም ወገኖች አዲሱን ተለዋውጠው ካልጫኑ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ከዚህም በላይ የእናንተን ችግር አይፈታም። ኤኤስ2 የሚመልሰው ኤምዲኤን የተባለ ማረጋገጫ ፋይሉ ሳይነካካ መድረሱን ብቻ ይናገራል፤ ከ997ም ያነሰ ነገር ነው የሚነግራችሁ። ቀጥታ ግንኙነት የሚያዋጣው ትዕዛዙ ሲበዛና የሒሳብ ፕሮግራማችሁ ሰነዱን ያለ ሰው እጅ ማውጣት ሲችል ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። በዕቃው መግለጫ ላይ የግዕዝ ፊደል አትለጥፉ፤ እነዚህ ሰነዶች የሚከተሉት የኤክስ12 ደረጃ የፊደል ስብስብ አያውቀውም። የኮከብ ምልክትም አትጠቀሙ። «1*12» ብትጽፉ ኮከቧ ብዙውን ጊዜ መስክ መለያ ስለሆነች ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ይንሸራተታል። ከሙከራ ወደ እውነተኛ ሥራ ስትሸጋገሩም በፋይሉ መክፈቻ መስመር ያለው አይኤስኤ15 ከ«ቲ» (ሙከራ) ወደ «ፒ» (እውነተኛ ሥራ) መቀየሩን አረጋግጡ። ሳይቀየር ከቀረ ፋይሉ ወደ ሙከራ ሲስተም ገብቶ እዚያው ይቀራል።

ቅመም አቅራቢ

እግዚአብሔር ይስጥልን። 856ቱ ከተላከ በኋላ ስህተት ብናይበት ማረም ይቻላል?

መጋዘንና ጭነት

በ856ቱ ቢኤስኤን01 (የሰነዱ ዓላማ የሚጻፍበት ቦታ) ላይ 00 ማለት አዲስ፣ 01 መሰረዣ፣ 05 ተተኪ ነው። ገዢው 05ን የሚቀበል ከሆነ የማሳወቂያ ቁጥሩን ሳትለውጡ ሙሉውን ሰነድ እንደገና ላኩ፤ የታረመውን መስመር ብቻ አትላኩ። 00ን ብቻ የሚቀበሉም ስላሉ መመሪያውን አንብቡ፤ እንዲህ ከሆነ መኪናው ሳይደርስ ለገዢው የኢዲአይ ክፍል የጭነቱን ቁጥር ጠቅሳችሁ ጻፉ። ዕቃው ከተራገፈና ስካን ከተደረገ በኋላ የሚላክ 05 የቆጠሩትን አይለውጠውም።