በለጋሽ ገንዘብ ቡስት ማድረግ ተገቢ ነው ወይ?

የአራት ኪሎው፦
ባለፈው ሳምንት በአንድ የኤፍኤም ጣቢያ የተላለፈውን ቃለ መጠይቅ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ስሙን የማልጠራው የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፣ በፌስቡክና በቲክቶክ የሚለቁትን የእርዳታ ጥሪ ቡስት ለማድረግ፣ ማለትም ለመድረኩ ከፍለው ለብዙ ሰው እንዲታይ ለማድረግ፣ የሚያወጡት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቁ «ያልታየ ችግረኛ አይረዳም» ብለው አለፉት፤ ጋዜጠኛዋም አመስግና ዘፈን ከፈተች። እናቴ ከጡረታዋ ቀንሳ በየወሩ በቴሌብር የምትልከው ብር ለሕሙማን መድኃኒት መግዣ ይሆናል ብላ ነው እንጂ ካሊፎርኒያ ለሚገኝ ኩባንያ የማስታወቂያ ክፍያ ይሆናል ብላ አይደለም። ሰጪው ሳይነገረው ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ማዋል በሌላ ቦታ ስሙ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የድርጅት ሠራተኛ፦
ወንድሜ የአራት ኪሎው፣ በሌላ ድርጅት ውስጥ ይህንኑ ሥራ የምሠራ ሰው በመሆኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የድርጅታችንን ገጽ ብዙ ሺህ ሰው ይከተለዋል፤ ይሁን እንጂ አንድ ነገር በለጠፍን ቁጥር ፌስቡክ የሚያሳየው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ ለቀሩት እንዲደርስ ከተፈለገ መክፈል የግድ ነው። ይህንን ሥርዓት ያመጣነው እኛ አይደለንም። ቀድሞስ ቢሆን በራሪ ወረቀት ይታተም፣ የሬዲዮ የአየር ሰዓት ይገዛ፣ በትልልቅ ሆቴሎች የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ተዘጋጅቶ ለአዳራሹና ለምግቡ ይከፈል አልነበረም ወይ? ያን ጊዜ የሆቴሉ ሒሳብ ከማን ኪስ እንደተዘጋ ያልጠየቀ ሰው ዛሬ ቡስት የሚለውን ቃል ሲሰማ መቆጣቱ አይገባኝም። ኃላፊውም የተናገሩት እውነት ነው፤ ያልታየ ችግረኛ አይረዳም።

የአራት ኪሎው፦
ያላልኩትን አያስብሉኝ፤ የሆቴሉንም እራት ደግፌ አላውቅም። ቢያንስ ግን ትኬት ገዝቶ የገባው ሰው ከከፈለው ላይ የምግቡ ዋጋ እንደሚነሣ እያወቀ ነው የተቀመጠው። እናቴ ምን አውቃ? «ያልታየ ችግረኛ አይረዳም» የሚባለው እውነት ከሆነስ እድሮቻችን ማንን አሳይተው ነው ይህን ሁሉ ዘመን ሲረዳዱ የኖሩት? የሰፈሬ እድር ለቅሶ ቤት ድንኳን ከመትከሉ በፊት የሐዘንተኛዋን ፊት በካሜራ ሲያስቀርጽ አላየሁም።

የድርጅት ሠራተኛ፦
እድር አባላቱን በስም ያውቃል፤ ወርኃዊ መዋጮውንም ያልከፈለውን እየቀጣ ይሰበስባል። እኛ ደግሞ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው፣ ካልታጠበ ቀናት ብቻ የሚቀሩት ሰው አለን፤ ለእርሱ የሚሰጠው ሰው ታማሚውን አያውቀውም፣ ታማሚውም ሰጪውን አያውቀውም። በመካከላቸው የሚያገናኝ ነገር ያስፈልጋል፤ ያ ነገር ዛሬ በነጻ አይገኝም።

ሒሳብ መርማሪ፦
ክርክሩ ወደ ሕጉ ቢመለስ መልካም ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ገደቡን 30 በመቶ ቢያደርገውም ብዙ የፕሮጀክት ወጪዎችን ሳይቀር ከአስተዳደር እየቆጠረ ድርጅቶችን ምን ያህል እንዳንገላታ በዘርፉ የነበረ ሁሉ ያስታውሳል። አዲሱ አዋጅ ያንን አቃንቶታል፤ ሆኖም የአስተዳደር ወጪ ምን እንደሆነ ሲዘረዝር ከቢሮ ኪራይ፣ ከኦዲትና ከባንክ አገልግሎት ክፍያ ጋር የማስታወቂያ ወጪን በስሙ ጠርቶ አስገብቶታል። ስለዚህ ቡስት ማድረግ ወንጀል አይደለም፤ ከ20 በመቶው ውስጥ ገብቶ መቆጠር ግን አለበት።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አገር ውስጥ በተሰጠ የባንክ ካርድ ለፌስቡክ ማስታወቂያ በቀላሉ መክፈል ስለማይቻል፣ ድርጅቱ የዶላር ካርድ ያለው ደላላ ይፈልጋል፤ ብሩ በደላላው የግል ሒሳብ ይገባል፤ የምንዛሪውም ተመን ደላላው ያለው ነው። አንድ ድርጅት ሒሳብ ስመረምር ለዚህ ወጪ የቀረበልኝ ማስረጃ ማኅተምም የግብር ከፋይ ቁጥርም የሌለው የቴሌግራም ስክሪንሾት ነበር፤ «እኅቴ ገብቷል፣ ከነገ ጀምሮ ይሄዳል» ይላል፤ ከሥሩ የአውራ ጣት ምልክት አለ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ደግሞ በማስታወቂያ ርእስ ሳይሆን «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ» ተብሎ በፕሮጀክት ወጪ ሥር ነው።

የድርጅት ሠራተኛ፦
ስለ ደላላው የተናገሩት እውነት ነው፤ እኛም የምንሰቃይበት ጉዳይ ነው። ሕጋዊ ደረሰኝ የሚሰጥ የማስታወቂያ ወኪል ሲገኝ ደግሞ ዋጋው ስለሚወደድ ያው ለጋሹ ነው የሚጎዳው። ስለ መዝገቡ ግን ልጠይቅዎ። ደም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊቱን በጊዜ እንዲመረመር የሚያስተምር ቪዲዮ ሠርተን ቡስት ብናደርገው፣ ቪዲዮውም ሲያልቅ የእርዳታ ጥሪ ቢኖረው፣ ይህ ግንዛቤ ማስጨበጫ የማይሆነው ለምንድን ነው?

ሒሳብ መርማሪ፦
ቪዲዮው ሲያልቅ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከወጣ ማስታወቂያ ነው።

የድርጅት ሠራተኛ፦
እንዲህ ከሆነ በዓለም ላይ ያለ የጤና ትምህርት ሁሉ ማስታወቂያ ነው ማለት ነው። ወረቀት ላይ ለሚኖር ሰው ቀላል ነው።

ሒሳብ መርማሪ፦
ወረቀቱን እናንተም ትፈርሙበታላችሁ፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንም በየዓመቱ የሚጠይቃችሁ እርሱኑ ነው። የቪዲዮውን ወጪ ለሁለት ከፍላችሁ፣ የትምህርቱን በትምህርት፣ የልመናውን በማስታወቂያ መመዝገብ ትችላላችሁ፤ ይህንን ያደረገ ድርጅት ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እናንተ ስለ ቡስት ስትነታረኩ ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ የሚፈስበትን ቀዳዳ ያነሣ ሰው የለም። እዚህ አሜሪካ ለአገር ቤት እርዳታ ጎፈንድሚ በሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ መድረክ ጥሪ የማይከፈትበት ሳምንት የለም። መድረኩ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል። መቶ ዶላር ለሚሰጥ ሰው 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነውና አይጎዳም፤ አምስት ዶላር ለምትሰጥ ተማሪ ግን 45 ሳንቲም ገደማ፣ ማለትም ወደ 9 በመቶ ይሄዳል። በዚያ ላይ ለመድረኩ ጉርሻ እንድትጨምር ይለምናታል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ጎፈንድሚ ገንዘብ ከሚያወጣባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለመኖሯ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ በመጀመሪያ የሚገባው እዚህ ባለ ሰው ሒሳብ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በግል ሒሳብ ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የመሬት መንሸራተቱ ከ200 በላይ ሰው በቀበረበት ሳምንት ስንቱ ጥሪ እንደተከፈተ አስታውሱ። በዚያው ወር፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የሰበሰበውን ዶላር በየትኛው ቀን፣ በየት በኩል፣ በስንት ብር መንዝሮ እንዳስገባ ለሰጪዎቹ የጻፈ አስተባባሪ ካለ አሳዩኝ። በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ከማንኛውም ቡስት ይበልጣል።

የአራት ኪሎው፦
የተከበሩ የሲልቨር ስፕሪንግ ወንድማችን፣ ያነሡት ነገር ቁም ነገር አለው፤ ነገር ግን እዚያው እናንተ ዘንድ ያለ ችግር ነው። የሰጣችሁትም እናንተ፣ የሰበሰባችሁትም እናንተ፣ የማትጠያየቁትም እናንተ ናችሁ። እኔ የምጠይቀው አገር ቤት ስላለች ጡረተኛ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
«እናንተ ዘንድ» ማለት ምን ማለት ነው? ዶላሩ ሲፈለግ ወገን፣ ሒሳብ ሲጠየቅ ባዕድ እንሆናለን ማለት ነው? በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀን አንድ ዶላር ስጡ ብለው የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ ሲቋቋም ያለ ማንም ጎትጓች ካርዳችንን አስገብተናል። ያ ፈንድ ቢያንስ ቦርድ ነበረው። እዚህ በበጎ አድራጎትነት የተመዘገቡ ድርጅቶች አብዛኞቹ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡት 990 የሚባለው ቅጽ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ኃላፊው ስንት እንደሚከፈለውና ለገቢ ማሰባሰቢያ ስንት እንደወጣ ከሶፋዬ ሳልነሣ አነባለሁ። የእናትዎ ድርጅት የኦዲት ሪፖርት የት እንደሚነበብ ሊነግሩኝ ይችላሉ?

የአራት ኪሎው፦
አልችልም፤ የተቆጣሁትም ስለማልችል ነው። ስለ ባዕድነት ያልኩት ነገር የለም።

ነርስ ነኝ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም የምትናገሩት ስለ ብር ብቻ ነው። «ያልታየ ችግረኛ አይረዳም» የምትለው አባባል ሥራ ላይ ስትውል ምን እንደምትመስል እኔ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ አይቻለሁ። ቀራጮቹ መጡ፤ ታማሚዋ የምትወደውን ነጠላ ከላይዋ ላይ አንሥተው ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ንጹሕ ሆኖ ስለታያቸው ነው። የበላችበትን ሳሕን ከፊቷ አነሡ። መስኮቱን የሚሸፍነውን መጋረጃ ዘጉ፤ ክፍሉ ጨለመ። ከዚያም «እንባዎ ሲመጣ ወደ ካሜራው ይዩ» አሏት። ፈቃዷን ጠይቀዋታል፤ እምቢ ብትል መታከሟ የሚቀር እየመሰላት ግን የሰጠችው ፈቃድ ፈቃድ ነው ወይ? አሁን ድናለች፤ ቪዲዮው ግን አልጠፋም፤ ልጇ ትምህርት ቤት ልጆች ስልካቸው ላይ እያሳዩ እንደሚያበሽቁት ነግራኛለች።

የድርጅት ሠራተኛ፦
እኅቴ ነርሷ፣ የነገሩን አሳፋሪ ነው፤ በእኛ ዘንድ የታማሚ ፊት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይወጣም፤ ታማሚው ሲጠይቅም ይወርዳል። ነገር ግን ፊት የሌለው ጥሪ ስንለቅ የሚገባው ገንዘብ ከሌላው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሕዝቡ ራሱ ነው ፊት የሚጠይቀው።

ነርስ ነኝ፦
ሕዝቡ የሚጠይቀው እናንተ ያስለመዳችሁትን ነው። ከገጻችሁ ያወረዳችሁትን ሌላው አስቀድሞ አውርዶ በራሱ ገጽ ከለቀቀው ምን ታደርጋላችሁ?

አንድ ምእመን፦
ወንጌሉ «ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራ እጅህ አትወቅ» እያለ እኛ ሰጪውንም ተቀባዩንም በአደባባይ እናውጃለን። በቲክቶክ ላይቭ ላይ በሽተኛ አስቀምጦ ስጦታ የሚያስልክ ሰው ሌላው ቀርቶ ስጦታው በሙሉ እንደማይደርስ እንኳ አይናገርም። ቢቢሲ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሶርያ መጠለያዎች በቲክቶክ ላይቭ የሚለምኑ ቤተሰቦችን ሲከታተል፣ ከስጦታው እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ኩባንያው እንደሚወስድ አግኝቶ ነበር፤ ኩባንያው ድርሻዬ ከዚያ ያነሰ ነው ቢልም ትክክለኛውን አኃዝ አልተናገረም። ደላሎቹም በየድንኳኑ ስልክ ያከፋፍሉ ነበር። የእኛዎቹ ከዚያ በምን ይለያሉ?

የድርጅት ሠራተኛ፦
በዚህስ እስማማለሁ፤ የቲክቶክ ስጦታ ለበጎ አድራጎት የሚሆን መንገድ አይደለም። ነገር ግን አደባባይን በሙሉ አንድ ላይ አይኮንኑ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር መቄዶንያ በዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ለቀናት ገቢ ሲያሰባስብ፣ ለአረጋውያኑና ለአእምሮ ሕሙማኑ ማዕከል በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ገብቷል። የሰጪዎቹ ስም እየተነበበ፣ አንዱ ሌላውን እየጋበዘ ነው የሆነው። በስውር ስጡ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ያ ሕንጻ ከየት ይመጣ ነበር?

የአራት ኪሎው፦
መቄዶንያን ለራስዎ ምስክር አድርገው ማቅረብዎ ያስገርመኛል። መሥራቹ አቶ ቢንያም በለጠ ሰው ከጎዳና ማንሣት ከጀመሩ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ አያት ሰፈር ሄዶ ግቢውን ያላየ፣ በልደቱ ወይም በሙት ዓመቱ ምሳ ያላበላ ቤተሰብ በአዲስ አበባ ጥቂት ነው። ሕዝቡ በዚያ ሥርጭት የሰጠው ማዕከሉን ቀድሞ በአካል ስለሚያውቀው ነው። እርስዎ የሚሉት ችግረኛ በቡስት የታየ ነው፤ የመቄዶንያው ግን ሰው በእግሩ ሄዶ ያየው ነው።

የድርጅት ሠራተኛ፦
ታዲያ «ያልታየ አይረዳም» ያልነው ይኸው አይደለም ወይ? መታየቱን ራስዎ አመኑ።

የአራት ኪሎው፦
የታየው ቤቱ ነው፤ የአንዲት ሴት እንባ አይደለም።

ሒሳብ መርማሪ፦
ወደ ጥያቄው እንመለስ። የድርጅት ሠራተኛ፣ እስካሁን የጽሑፍ ፈቃድ እንዳላችሁ፣ ደላላ እንደምትጠሉ፣ ቡስት አስፈላጊ እንደሆነ ነግረውናል። ባለፈው በጀት ዓመት ለቡስት ያወጣችሁት ብር በየትኛው የሒሳብ ርእስ ሥር እንደተመዘገበ ግን አልነገሩንም።

የድርጅት ሠራተኛ፦
እኔ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ አይደለሁም፤ የጠየቁትን እዚህ ለመጻፍም የኃላፊዎቼ ፈቃድ ያስፈልገኛል።

ሒሳብ መርማሪ፦
ለታማሚዋ ፊት የአንድ ፊርማ ፈቃድ በቂ ሆኖ ሳለ፣ ለአንድ የሒሳብ ርእስ ስም የሥራ አመራር ፈቃድ ማስፈለጉን ልብ ብያለሁ።

የድርጅት ሠራተኛ፦
ይህ አሽሙር ነው እንጂ ክርክር አይደለም። ሰኞ ጠይቄ የሚፈቀድልኝን እጽፋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እስከ ሰኞ ድረስ ደግሞ ስለ ጎፋ ዶላር የጠየቅሁትን የሚመልስልኝ ሰው ካለ እዚሁ ነኝ። ከአስተባባሪዎቹ መካከል ይህንን የሚያነብቡ እንዳሉ አውቃለሁ።