የውሉ ጊዜ ሳያልቅ የቤት ኪራይ መጨመር ይቻላል?

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖርበትን ቤት የተከራየሁት ለሁለት ዓመት በተፈረመ የጽሑፍ ውል ሲሆን፣ ከተፈረመ ገና ዐሥራ አንድ ወር ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አከራዬ ኪራዩ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በሩብ እንደሚጨምር፣ ካልተስማማሁ ደግሞ ቤቱን የሚፈልግ ሌላ ሰው እንዳለ በስልክ መልእክት ጻፉልኝ። ምክንያታቸው የኑሮ ውድነት ነው። ውሉን ደጋግሜ ባነበውም የኪራዩን መጠንና የሚከፈልበትን ቀን እንጂ ስለ ጭማሪ የሚናገር ቃል አላገኘሁበትም። እስካሁን መልስ አልሰጠኋቸውም። ግንኙነታችን መልካም ስለ ነበር ላስቀይማቸው አልፈልግም፤ ነገር ግን ግዴታዬን ሳላውቅ ወደ ድርድር መግባትም ከብዶኛል። ምንም ሳልናገር የቀድሞውን ኪራይ ብከፍል ምን ይመጣብኛል?

የውል ጸሐፊ፦
ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ዝም ማለት መልካም መንገድ አይደለም። በመሠረቱ በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ የጸና ስለ ሆነ (የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን በቁጥር 1731 ደንግጎታል)፣ አከራይዎ በውሉ ዘመን ኪራዩን ለብቻቸው መለወጥ አይችሉም። ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል ማለት ሁለቱም ወገኖች የዋጋን መውጣትና መውረድ አስቀድመው ተቀብለዋል ማለት ነው፤ ገበያው ወርዶ ቢሆን ኖሮ እርስዎም «ቀንሱልኝ» ብለው ማስገደድ አይችሉም ነበር።

ዝምታ ግን ይህን ጠንካራ አቋም ሊሸረሽረው ይችላል። በዚያው ሕግ ቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ቢልም፣ ቁጥር 1684 ቀደም ብሎ በተጀመረ ግንኙነት ላይ ለውጥ የሚያቀርብ ወገን በጽሑፍ «ካልመለስህ እንደ ተቀበልህ እቆጥረዋለሁ» ብሎ አስታውቆ ከሆነና ተቀባዩ በተገቢ ጊዜ ካልተቃወመ ለውጡ እንደ ጸደቀ ይቆጥረዋል። የእርስዎ አከራይ የላኩት መልእክት እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ያለበት አይመስልም፤ የሚቀጥለው ግን ሊኖርበት ይችላል። ከዝምታም የሚብሰው አንድ ጊዜ እንኳ አዲሱን መጠን ያለ ተቃውሞ መክፈል ነው፤ በኋላ «ተስማምቶ ከፍሏል» ለሚለው ክርክር እጅግ ምቹ ማስረጃ ይሆናልና።

ውሉን ደግሞ አንድ ጊዜ ቢያዩት መልካም ነው። የጭማሪ ቃል «ልዩ ልዩ» በሚለው ክፍል ወይም በአባሪ ወረቀት ተሸጉጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ባሕር ማዶ ተከራይ፦
መርሁ በብዙ ቦታ አንድ ቢሆንም ዝርዝሩ ከሀገር ሀገር ስለሚለያይ፣ ቤቱ የሚገኝበትን ቦታ ሕግ ማየት የግድ ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የኪራይ ሕግ መሠረት ኪራይ በውሉ ዘመን የሚከለሰው ውሉ ራሱ ይህን ሲፈቅድ ብቻ ሲሆን፣ ያውም በዓመት አንድ ጊዜና ይፋ በሆነው የኪራይ ማጣቀሻ መለኪያ ልክ ነው። በጀርመን ተዋዋዮች ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ወይም ከሸማቾች ዋጋ መለኪያ ጋር የተያያዘ ኪራይ መዋዋል ይችላሉ፤ በሁለቱም ግን በአንዱና በሚቀጥለው ጭማሪ መካከል ቢያንስ አንድ ዓመት ማለፍ አለበት። በኢትዮጵያም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሸፍናቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን የሚደረግ ነው። ስለዚህ ሕግ የፈቀደው ጭማሪ ካለ «ውሉ ላይ አልተጻፈም» ብሎ መከራከር ብቻውን ላያዋጣ ይችላል።

አከራይም ተከራይም፦
አንድ ቤት አከራያለሁ፤ ራሴ ደግሞ በሌላ ሰው ቤት እኖራለሁ፤ ስለዚህ የሁለቱም ወገን ሕመም ይገባኛል። «ቤቱን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ» የሚለው ቃል ተከራይን ለማስደንገጥ የሚነገር እንጂ ውል የሚያፈርስ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አንድ ጊዜ ተናግሬው አፍሬበታለሁ። ሆኖም አከራይዎ ዛሬ ባይችሉም የውሉ ዘመን ሲያበቃ አዲስ ዋጋ የማቅረብ ዕድል ሊኖራቸው እንደሚችል አይዘንጉ። በቤቱ ለመቆየት ካሰቡ ይህን አጋጣሚ ለድርድር ቢጠቀሙበት ይሻላል፦ አሁን ምንም ሳይጨምሩ፣ ውሉ ሲታደስ መጠነኛ ጭማሪ ለመቀበል፣ በምላሹም የሚቀጥለው ውል ረዘም ያለ እንዲሆንና የተበላሸው ነገር እንዲጠገን መጠየቅ ይችላሉ። የተስማማችሁበትን ሁሉ ግን በጽሑፍ አድርጉትና ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ኪራዩን በቀኑ፣ በባንክ፣ የየትኛው ወር መሆኑን ገልጸው ይክፈሉ። አንድ ቀን ማሳለፍ ለአከራዩ ሌላ ምክንያት መስጠት ነው።

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ይህን አርቅቄአለሁ፦ «ስለ ጭማሪው የላኩልኝ መልእክት ደርሶኛል። የሁለት ዓመት ውላችን ገና ስላላለቀና በውሉም ጭማሪ ስላልተጠቀሰ ጭማሪውን ያልተቀበልሁት መሆኑን በአክብሮት እየገለጽሁ፣ ለጊዜው በቀድሞው ኪራይ መክፈሌን እቀጥላለሁ። ስለ ውሉ እድሳት ለመነጋገር ግን ዝግጁ ነኝ።»

የውል ጸሐፊ፦
ረቂቁ ጨዋና ግልጽ ነው። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ግን ያውጡት፤ የቀድሞው ኪራይ ጊዜያዊ እንደ ሆነ፣ አዲሱም እንደሚመጣ ያመኑ ያስመስልብዎታል። በምትኩ «እስከ ውሉ ዘመን ፍጻሜ» ብለው ቀኑን ይጻፉበት፤ አንዱንም ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ።