የጓሮ ጎመኔን ክሽክሽ ጨረሰብኝ፤ እባካችሁ መላ በሉኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ ነው። ጓሮዬ ውስጥ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አለኝ። ቆስጣውና ሰላጣው ደህና ናቸው፤ ጎመኑ ግን ክረምቱ ከወጣ ወዲህ በክሽክሽ ተወሯል። ቅጠሉን ገልበጥ ሳደርገው ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ግራጫ ነፍሳት ከሥሩ ድርድር ብለው ይታያሉ። ለጋው ቅጠል ተጨማዶ ወደ ውስጥ ስለተጠቀለለ እዚያ ውስጥ የተደበቁትን የምረጨው ነገር አያገኛቸውም።

የሳሙና ውሃ ረጨሁ፣ አመድ ነሰነስኩ። ትንሽ ጋብ ይልና ተመልሶ ይመጣል።

«መድኃኒት ገዝተሽ እርጪበት» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን አልፈልግም። ጎመኑን ከሥር ከሥሩ እየቀጠፍን ለልጆች ነው የምንሠራው፤ መድኃኒቱ እስኪለቅ ማን ይጠብቃል? ደግሞ ክሽክሹን የሚበሉት ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል፤ እነሱን አብሮ ይፈጅብኛል።

ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ዘፍዝፎ የረጨ ካለ መጠኑንና በስንት ቀኑ እንደሚደገም ይንገረኝ። ጥንዚዛዎቹንስ አይጎዳም? የተጠቀለለውን ጫፍ ቆርጬ ብጥለው ከጎኑ ያቆጠቁጣል ወይስ ከነሥሩ ልንቀለው? ከነቀልኩት አዲስ ችግኝ እዚያው መደብ ላይ ወዲያው መትከል ይቻላል?

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከጓሮ ተቀጥፎ ወዲያው የሚሠራ ጎመን ጣዕሙ ሌላ ስለሆነ ለጾሙ ባደርሰው ደስ ይለኛል። የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።