አዲስ ሲል (የዘንግ ውሃ መዝጊያ) ገብቶለትም ውሃ የሚያንጠባጥብ ባለ 3 ኢንች ፓምፕ

ጥያቄ፦ ከመርዓዊ
ሰላም ለሁላችሁ። ፓምፑ ባለ 3 ኢንች፣ ሞተሩ 6.5 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ነው። በፓምፑና በሞተሩ መገናኛ ያንጠባጥብ ስለነበር ሲሉ ተቀየረ። አንድ ቀን ሽንኩርት አጠጣ፣ በማግሥቱ እንደገና ጀመረው። አሁን ውሃ ለመሳብ ይዘገያል፣ ሲያወጣም አረፋ ይቀላቅላል። የሲሉ ሴራሚክ ቀለበት በመዶሻ ተመትቶ ነው የገባው፤ መቀመጫው ላይም ትንሽ ዝገት ነበር። ሌላ ሲል ሳልገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ ከዳንግላ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፓምፑን ውሃ ሞልተህ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ተመልከት። ቆሞ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ወይ ሲሉ ነው፣ ወይ የፓምፑ ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)። ጠብታው ከዘንጉ ሥር ከመጣ ሲሉ ነው።

ከገለጽከው ግን ዋናው ጥርጣሬ አቀማመጡ ላይ ነው። ሲል የሚይዘው ሁለት ለስላሳ ፊቶች፣ ሴራሚኩና ካርቦኑ፣ ገጥመው አንዱ ቆሞ ሌላው ሲሽከረከርበት ነው። ከሴራሚኩ ጀርባ የቀረች የዝገት ቅንጣት ቀለበቱን ታዘመዋለች። መዶሻው ደግሞ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያስገባበታል፤ ለአንድ ቀን የያዘው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ስትፈታ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጋ፣ የካንዴላውን ሽቦ ንቀል። ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ) ጥርሱ ቀኝ ነው፤ ፊት ለፊት ቆመህ ወደ ግራ ይፈታል። እንቢ ካለ ክንፉን በእንጨት ነካ ነካ አድርገው፣ በብረት አትምታው። ከኋላው ቀጫጭን ራንዴላዎች ካሉ ቁጥራቸውን ያዝ፤ የሲሉን ሞላ (ስፕሪንግ) ግፊት የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

የሴራሚኩን መቀመጫ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት (400 ቁጥርና ከዚያ በላይ) ዙሪያውን ጥረግ፤ ዝገቱን ብቻ አንሳ፣ ቀዳዳውን አታስፋው። ላስቲኩን በሳሙና ውሃ አርጥበው። ግራሶ አትቀባ፤ አንዳንዱ ላስቲክ በነዳጅ ዘይት ያብጣል። የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ካርቦኑ ይሁን፤ ተገልብጦ ከገባ ይበላሻል። ፊቱ ላይ ንጹሕ ካርቶን አድርገህ፣ በቀለበቱ ልክ በተቆረጠ የፕላስቲክ ቱቦ፣ በሁለት እጅህ እኩል ግፋው። ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ጥልቀት ላይ ካልሆነ አውጥተህ ድገም። ፊቱን በጣትህ ከነካኸው በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጥረገው።

መልስ፦ ከባሕር ዳር
ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ አረፋውን ግን በሲሉ ላይ ብቻ አታላክከው። የመሳቢያ ቱቦው ማሰሪያ ላላ ካለ ወይም ውስጥ ያለው ጓርኒሲዮን ካረጀ አየር ይገባል። ፓምፑ እየሠራ መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀባ፤ አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ቦታው ያ ነው።

ከፍታውንም አትርሳ። ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚህ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ፓምፕ ባሕር ጠረፍ ላይ የሚስበውን ያህል ጥልቀት አይስብም። ከውሃው እስከ ፓምፑ 5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ፓምፑን ወደ ውሃው አቅርበህ በመውጫው በኩል ወደ ላይ ግፋ።

አንድ ነገር ዛሬውኑ እይ፦ የሞተሩን ዘይት። ወተት መስሎ ከነጣ ውሃው በፓራኦሊዮው (የሞተሩን ዘይት በዘንጉ ዙሪያ በሚይዘው ላስቲክ) በኩል ገብቷል ማለት ነው፤ ዘይቱን ሳትቀይር አታስነሳው።

ከመርዓዊ
ፈታሁት። ሴራሚኩ በአንድ ወገን 1 ሚሊሜትር ያህል ወጣ ብሏል፣ ከጀርባውም ዝገት ተጨምድዷል። ዘይቱ ደኅና ነው። ካርቦኑ ጥሩ ስለሚመስል ሴራሚኩን ብቻ ብቀይር አይሆንም?

መልስ፦ ከዳንግላ
አይሆንም፣ ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ። የተለማመዱ ፊቶች ከሌላ ጋር ሲገናኙ አይጋጠሙም። ከገጠምክ በኋላ ካንዴላው እንደተነቀለ ገመዱን ቀስ ብለህ ሳብ፤ ኢምፔለሩ ቤቱን ሲቧጭር ከሰማህ ራንዴላው ተሳስቷል። ከዚያ ፓምፑን ውሃ ሙላና ለግማሽ ሰዓት ተወው፣ ደረቅ ከሆነ አስነሳ። ባዶውን ግን ለአፍታም አታስነሳው፤ ፊቶቹን የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነው፣ ጋል ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሴራሚኩ ወዲያው ይሰነጠቃል።