«ደብሮሻል?»፦ የሰመር ፕሮግራሙ ማመልከቻ ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ስብሰባ ላይ የተስማማነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ያሉ የሃይስኩል ልጆቻችንን ከቢሄቪየራል ሄልዝ ምርምር ጋር የሚያስተዋውቅ የሰመር ፕሮግራም እናዘጋጅ፣ ለገንዘብ ድጋፍ የጋራ ማመልከቻም እናስገባ ብለናል። ቀሪው ክፍት ነው። ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉ። «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብቻ ያለ ሰው እንደጻፈ አይቆጠርም። ሐሙስ ማታ እዘጋዋለሁ።

አባት፣ የኡበር ሹፌር፦
በርቱ ልል ነበር፣ ተከለከልኩ። እንግዲያው ልጠይቅ። ይሄ ቢሄቪየራል ሄልዝ የምትሉት ምንድን ነው? ባለቤቴ ስትሰማ «ልጄ ከእብድ ጋር ልትውል ነው?» አለች። እኛ ቤት የሚታወቀው ሐኪም፣ ነርስ፣ ኢንጂነር ነው። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ተጨምሯል።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ ደግ አደረጉ ጠየቁ። የአእምሮ ሕመም ብቻ አይደለም። ሱስም እንቅልፍም አለበት። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ለምን እንደሚያቋርጥ ማጥናትም እዚያው ውስጥ ነው። «የባህሪ ጤና» ብለን ብቻ ከተረጎምነው ወላጅ የጠባይ ችግር ይመስለዋል። ወረቀቱ ላይ «የአእምሮና የባህሪ ጤና» እንበል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከዓመታት በፊት ከምሠራበት ክሊኒክ አንዲት እናት መጡ። የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልጃቸው ታስተረጉማለች። የድብርት መጠይቅ እየሞላን፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድብርት ተሰምቷቸው እንደሆነ የሚጠይቀው ጋ ደረስን። ልጅቷ ዞር ብላ «እማዬ፣ ደብሮሻል ወይ?» አለቻቸው። እናትየው «እንዴት አይደብረኝ! ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚህ ተገትሬ!» አሉ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ «በየቀኑ ትላለች» አለች። «በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለው መልስ ደግሞ 3 ነጥብ ነው። ተሞላ።

ሊወጡ በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ልጅቷ ብቻዋን ተመለሰች። «ሲስተር፣ እማዬ የመሰላት ወረፋው ነው መሰለኝ» አለችኝ። እንደገና ጠየቅናቸው። በእርግጥ ልጅ ማስተርጎማችን ጥፋት ነበር፤ የፌደራል ደንቡም ከአጣዳፊ ሁኔታ በቀር አይፈቅድም። እኔ ግን የተመለሰችበትን ምክንያት እስካሁን አልረሳሁትም።

የማስተርስ ተማሪው፦
ሲስተር፣ ልጅቷ ያደረገችው በምርምሩ ዓለም ስም ያለው ሥራ ነው። ሰውዬው ጥያቄውን ሲሰማ ምን እንደተረዳ መጠየቅ። መጠይቅ ሲተረጎም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እንዲህ ይፈተሻል።

ያ መጠይቅ ፒኤችኪው-9 ይባላል። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው፣ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። አማርኛው አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ተፈትሾ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ግን አዲስ አበባ ያለ ታካሚ አማርኛና እዚህ ሃያ ዓመት የኖረች እናት አማርኛ አንድ ነው? ልጆቻቸውስ? ለወጣቱ «ደበረኝ» ማለት ሰለቸኝ ነው።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ይሄው ይሁን። ልጆቹ ለትልልቅ ሰዎች ጥያቄዎቹን ያንብቡ። «ይሰማዎታል?» ሳይሆን «ይሄን ሲሰሙ ምን ማለት መሰለዎት?» ብለው ይጠይቁ። መደበት፣ መከፋት፣ ሆድ መባስ፣ መጨነቅ፣ የትኛው የቱ ጋ እንደሚገባ ይጻፉ። ዘጠነኛው ራስን ስለመጉዳት ስለሆነ እሱን እናውጣው፤ ለልጅ የሚሰጥ ሸክም አይደለም።

ደግሞ ምርምር ማለት ነጭ ጋውን ብቻ አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ በተደረገው ትልቁ የአእምሮ ጤና ጥናት ከ68,000 በላይ ሰው ቃለ መጠይቅ ተደርጓል። ቤት ለቤት የዞሩት ሐኪሞች አልነበሩም፤ ሰልጥነው የተሰማሩ ሰዎች ነበሩ።

እናት፣ ከዊተን፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልተዋጠልኝም። እዚህ ሁሉም ይተዋወቃል። ቤተክርስቲያን እንገናኛለን፣ ለቅሶ እንገናኛለን፣ እቁብ አለን። ልጄ የጎረቤት ገመና ይዛ ቤቴ እንድትገባ አልፈልግም። የእኔንም ይዛ እንድትወጣ አልፈልግም።

የማስተርስ ተማሪው፦
እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ ሳልጽፈው ቀረሁ። ስለ ሕመም አንጠይቅም፣ ስለ ቃል ነው። ስም አይጻፍም። ልጅ የሚያውቀውን ሰው አይጠይቅም። ሁልጊዜ አንድ አዋቂ አጠገቡ ይቀመጣል። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ እንቀበላለን፣ ልጁም ራሱ «እሺ» ማለት አለበት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያየው አንጀምርም። መሃል ላይ የከፋው ሰው ካለ ሲስተር እዚያው ትኖራለች፣ 988ም፣ የቀውስ ጊዜ የእርዳታ ስልኩ፣ ይሰጠዋል።

እናት፣ ከዊተን፦
«የሚያውቀውን ሰው አይጠይቅም» የሚለውን መጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጉት። ያኔ አስብበታለሁ።

የኮሌጅ አማካሪ የሆነችው አባል፦
የት ይሁን ለሚለው፣ ሁሉም ሰው ኤንአይኤች፣ የመንግሥቱን የጤና ምርምር ተቋም፣ ይላል። እውነት ነው፣ ቤተስዳ አፍንጫችን ሥር ነው። በሜትሮ እንኳ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር አንድ ቀይ መስመር ላይ ናቸው፣ ዋሽንግተን መሃል ወርዶ መውጣቱ ነው እንጂ። ግን እ.ኤ.አ. የ2025ን የሰመር ኢንተርንሺፕ እንደሰረዙት አትርሱ። ማመልከቻችንን እዚያ ላይ አናንጠልጥለው። ከሆነ ጉርሻ ነው።

እኔ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን እንጠይቅ እላለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ማሚ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1939 የማስተርስ ጽሑፏን ስለ ጥቁር ሕፃናት የሠራችው እዚያ ነው። ከባሏ ከኬነዝ ጋር በአሻንጉሊት ያደረጉትን ጥናት የያዘ የኬነዝ ጽሑፍ፣ በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን የሚለየውን የትምህርት ቤት ክፍፍል በሻረው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ተጠቅሷል። ለልጆቹ የመጀመሪያው ቀን ይሄን እንንገራቸው። ከስላይድ ይሻላል።

ሌላ ነገር፣ «ማይኖሪቲ» የሚለውን ቃል አሁን የሚፈራ ሰጪ አለ። «ቤታቸው ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የሚነገር፣ ከቤተሰቡ መጀመሪያ ኮሌጅ የሚገቡ» እንበል። ያኔ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም ይገባሉ። እነሱም እናታቸውን የሚያስተረጉሙ ናቸው።

አባት፣ የኡበር ሹፌር፦
አሁን ገባኝ፣ እኔም ልጄን ባንክ ቤት አስተርጉሚ ስል ነው የኖርኩት። ግን ገንዘቡን ማን አነሳ? ልጄ ሰመር ላይ ትሠራለች፤ ስልኳን የምትከፍለው ራሷ ናት። በነፃ ካላችሁ የሚመጡት የሞላላቸው ልጆች ብቻ ናቸው።

ጸሐፊዋ፦
ሜሪላንድ ውስጥ ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግዴታ ነው። ሰዓቱን ብንቆጥርላቸውስ?

የኮሌጅ አማካሪ የሆነችው አባል፦
የተከፈለበት ሰዓት ለዚያ አይቆጠርም፣ ሁለቱን አትቀላቅሉ። ሥራው ይከፈልበት። መጨረሻ ላይ ለወላጆች የሚያቀርቡበት ቀን ያለ ክፍያ ይሁንና ትምህርት ቤቱ ከተቀበለው ይቆጠርላቸው።

ጸሐፊዋ፦
እሺ፣ ሒሳቡ ይኸው። 10 ልጅ፣ 6 ሳምንት፣ በሳምንት 8 ሰዓት። 480 ሰዓት። በ18 ዶላር 8,640 ይሆናል። የአውቶቡስና የምሳ ገና ነው። ለሚጠየቁት ትልልቅ ሰዎችም ትንሽ ነገር እንስጥ፤ ቡና ብቻ አፍልተን አንላካቸውም።

መግቢያውን እንዲህ ጻፍኩት፣ አርሙት፦

«ልጆቻችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በሁለት ቋንቋ መሃል ቆመው አድገዋል። ክሊኒክ፣ ባንክና ትምህርት ቤት ውስጥ ወላጆቻቸውን አስተርጉመዋል። ይህ ሥራ ከልጆች ትከሻ መውረድ አለበት። ያካበቱት ችሎታ ግን ለአእምሮና ለባህሪ ጤና ምርምር ያስፈልጋል። አሥር ተማሪዎች በስድስት ሳምንት ውስጥ፣ እየተከፈላቸው፣ የድብርት መጠይቅ ቃላት በማኅበረሰባችን እንዴት እንደሚሰሙ ያጠናሉ። ማንም ተማሪ የሚያውቀውን ሰው አይጠይቅም።»

ነርሷ፦
«ትከሻ» ያልሽው ጥሩ ነው። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ አለሁ።

አባት፣ የኡበር ሹፌር፦
ማታ ልጆቹን ወደየቤታቸው አደርሳለሁ። ቅዳሜ ብቻ አትጠይቁኝ።

እናት፣ ከዊተን፦
መጀመሪያ የሚጠየቅ ሰው ካጣችሁ እኔ አለሁ። ግን ሆድ መባስና መደበት አንድ ነው የሚል ልጅ ከመጣ እንጣላለን።